አከራዬ ቤቱን ልቀቂ ብለውኛል፤ ምን ላድርግ?

አዲስ አበባ ውስጥ በኮቪድ-19 ሕክምና ማዕከል የምሠራ ነርስ ነኝ። በሽታው አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ አራት ዓመት እንደ ልጃቸው ያኖሩኝ አከራዬ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ እንዳልነካ ከለከሉኝ፣ አሁን ደግሞ በሳምንት ውስጥ ቤቱን እንድለቅ ነግረውኛል። ትናንት ከአዳር ሥራ ስመለስ ባልዲዬ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ፣ ደጃፌም በረኪና ተረጭቶበት አገኘሁ። የልጅ ልጃቸው አስም ስላለባት ፈርተው ነውና አልፈርድባቸውም። በበሽታው ምክንያት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይን ማስወጣት እንደሚከለክል ባውቅም፣ እማማ የምላቸውን ሴት ከሕግ ፊት ማቆም ከበደኝ። ታጥቤና ልብስ ቀይሬ እንደምመጣ ብነግራቸውም አላመኑኝም። ይህ የደረሰባችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አከራዮቻችሁን በምን አግባባችሁ? ሽማግሌ ልላክባቸው? ለጤና ባለሙያ ቤት የሚያከራይ ሰው የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ።