«የሚከብደኝን ነው የተውሁት»፦ በሱሉልታ ስለ ሁዳዴ ጾም በጽሑፍ የተደረገ ክርክር

የሰፈሩ ሽማግሌ፦

ባለፈው እሑድ፣ ምኩራብ በዋለበት ቀን፣ በማኅበራችን ቤት የተነገረ አንድ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዓይኔ ሥር ያደገች የሰፈራችን ልጅ በጾሙ ወተት እንደምትጠጣ በሰው ፊት ተናገረች። ምክንያቷን ስትጠየቅም፣ «ጥሉላት መተው እኔን አይከብደኝም፤ ዘንድሮ የሚከብደኝን ነው የተውሁት፤ ከማታ ጀምሮ ስልኬን እዘጋለሁ» ብላ መለሰች። ከተቀመጡት መካከል ሦስት አራት ወጣቶች ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ በማየቴ ዝም ማለት አልቻልሁም። ይህ ጾም በየካቲት 9 ቀን 2018 ሲገባ ማንኛችንም ምን እንደምንተው አልተጠየቅንም። 55ቱን ቀን ከነሥርዓቱ፣ ከዘወረደ እስከ ሰሙነ ሕማማት፣ ከአባቶቻችን ተቀብለናል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሸክም እየመዘነ የራሱን ጾም የሚያወጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንዱ ጫት፣ ሌላው እግር ኳስ፣ ሌላው ስኳር ትቻለሁ ብሎ ሥጋ ቤት ሊቀመጥ ነው። ልጄ ሆይ፣ እወድሻለሁ፤ ነገር ግን ቃልሽን መልሰሽ ብታስቢበት ደስ ይለኛል።

የማታ ተማሪዋ፦

አባባ፣ ስሜን ሳይጠሩ በመጻፍዎ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም እኔ መሆኔን ሁሉም ስላወቀ ራሴ መልስ ብሰጥ ይሻላል። አምና 55ቱንም ቀን ጥሉላት አልቀመስሁም። ሽሮውንም፣ ተልባውንም፣ የሱፍ ፍትፍቱንም በደስታ በላሁ፤ አንድም ቀን አልተቸገርሁም። በዚያው ጾም ከታላቅ እኅቴ ጋር በእናታችን ቤት ጉዳይ ተጣልተን ነበር። በስቅለት ዕለት ለስግደት ነጠላዬን ለብሼ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬን ከማሰሬ በፊት በስልኬ የጻፍሁላትን የስድብ መልእክት ዛሬም አልሰረዝሁትም፤ ሳየው ያመኛል። ያን ቀን እስከ ማታ ሰገድሁ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ድረስ። እኅቴ ግን እስከ ዳግም ትንሣኤ አላናገረችኝም። ታዲያ አምና የጾምሁት ምንድን ነበር? ወተቱን ተውሁ፤ እጄን ግን ከስልኩ፣ ምላሴንም ከስድቡ አልከለከልሁም። ዘንድሮ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ንጋት ስልኬን ዘግቼ ለእናቴ እሰጣለሁ። ይህ ለእኔ ከሥጋም፣ ከቅቤም፣ ከወተትም በላይ ከባድ ነው።

ዲያቆኑ፦

እኅቴ፣ ስለ እኅትሽ የጻፍሽውን አንብቤ አዝኛለሁ፤ በግልጽ በመናገርሽም አከብርሻለሁ። ነገር ግን «የሚከብደኝን» የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል፤ ስሕተቱ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲተረጉም ሰው በሕግ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉ እንደሆነ ይናገራል። «በሕግ በታወቀ ጊዜ» የተባለው ጊዜውንና ሥርዓቱን እኛ ስለማንመርጥ ነው። አንቺ የምትፈልጊው የዐይንና የአንደበት ጾም ደግሞ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ዐይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ብሎ የዘመረው በዚሁ በሁዳዴ የምንሰማው ዜማ ነው። ይሁን እንጂ ሊቁ «ዐይን ከጾመ ሆድ ይብላ» አላለም። የዐይን ጾም በሆድ ጾም ላይ የሚጨመር እንጂ የሚለወጥ አይደለም። አምና አንዱን ይዘሽ አንዱን ጣልሽ፤ ዘንድሮ ደግሞ የጣልሽውን አንሥተሽ የያዝሽውን ጣልሽ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ዲያቆን፣ ቃልህ ያማረ ነው፤ ግን ለምን ሁሉም ጣት ወደዚህች ልጅ ብቻ ይቀሰራል? በዚህ ሳምንት ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ከመያዜ በፊት አንድ ካፌ ገብቼ ነበር። በማሳያ መስታወቱ ውስጥ የጾም ኬክ፣ የጾም ክሬም፣ የጾም በርገር ተደርድሮ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች በአኩሪ አተር ወተት የተሠራ የጾም ማኪያቶ አዝዘው፣ አረፋው እንደ ወትሮው አለመሆኑን ለአስተናጋጇ እየተቆጡ ይነግሯት ነበር። ሕጉን አንዲት ነጥብ አልተላለፉም። ምን እንደ ተዉ ግን ሊገባኝ አልቻለም፤ ስሙ ብቻ የተለወጠ ያው ጣዕም ነው። ይህች ልጅ ቢያንስ የጎደላት ነገር አለ። እኔ ራሴ የሚጠባ ልጅ ስላለኝ የንስሐ አባቴ ቀለል እንዳደርገው ፈቅደውልኛል። ስለዚህ በሰው ጾም ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም።

የሰፈሩ ሽማግሌ፦

እኅቴ፣ የጾም ኬኩን እኔም አልወደውም። በልጅነታችን ሁዳዴ ሲገባ እናቶቻችን ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ የተሠራውን ስልጆ በስናፍጭ አብላልተው ያቀርቡልን ነበር፤ አፍንጫችን ውስጥ እየገባ ያስለቅሰን ነበር፤ ጾም መሆኑን ያኔ እናውቅ ነበር። ነገር ግን የካፌው ሰው ስለ ተሳሳተ ይህች ልጅ ልክ ናት ማለት አይቻልም። አንቺም የንስሐ አባትሽን ጠይቀሽ ነው የተፈቀደልሽ። እርሷስ ማንን ጠየቀች? ቅሬታዬ በወተቱ አይደለም፤ ራሷን የራሷ ንስሐ አባት ማድረጓ ነው።

ቀን ሠራተኛው፦

ስለ ከባድ ነገር ከተነሣ እኔም ልናገር። ሥራዬ ግንባታ ላይ ነው፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ ወደ ላይ አወጣለሁ። ሥጋ የምበላው ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ወተት የምጠጣው ደግሞ ስታመም። ስለዚህ ሥጋና ወተት ትተሃል ብትሉኝ ያልነበረኝን ነገር እንዴት እተዋለሁ? ለእኔ የሚከብደው ውኃ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እውላለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ሲመታ፣ የሲሚንቶው አቧራ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርቅ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ቆሜ የውኃውን ድምፅ እሰማለሁ። ፎርማኑ ሙስሊም ነው፤ ዘንድሮ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር በአንድ ሳምንት ስለ ገባ እርሱም ጾሞ ነበር የሚውለው፤ አብረን ዝም ብለን እንቆም ነበር። ከእኅታችን የምለየው አንድ ነገር አለኝ፤ የሚከብደኝን እኔ አልመረጥሁትም፤ ሥርዓቱ ነው የሰጠኝ። ልምረጥ ብባል ኖሮ በእርግጠኝነት ውኃውን አልመርጥም ነበር።

ዲያቆኑ፦

ወንድሜ፣ እኔ በብዙ ቃል ልናገረው የሞከርሁትን አንተ በበርሜሉ አጠገብ ተናገርኸው። ሰው ምረጥ ሲባል የሚመርጠው ሊሸከመው የሚችለውን ሸክም ነው።

የማታ ተማሪዋ፦

ወንድሜ ቀን ሠራተኛው፣ ያንተን ጾም ከእኔ ጋር ለማወዳደር አልደፍርም። ሆኖም ዲያቆን «ሊሸከመው የሚችለውን» ያለው አልገባኝም። ስልኬን በዘጋሁበት በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ ትራስ ሥር የደበቀችውን በሌሊት ተነሥቼ ፈልጌአለሁ። ሁለት ቀን ወድቄአለሁ። ወተት በመተው ግን አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም።

ባለ ላሙ፦

ስለ ወተት ብዙ ተጽፎአል፤ ወተቱን የሚያልበውን ግን ማንም አልጠየቀም። ሦስት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። እኔም ቤተ ሰቤም ጾመኞች ነን፤ ልጆቼም ሰባት ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ ይጾማሉ። ላም ግን ጾም አታውቅም፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጡቷ ሞልቶ ትጮኻለች። በሌላ ጊዜ የጠዋቱንም የማታውንም ወተት የሚረከበኝ ነጋዴ፣ ሁዳዴ ሲገባ የማታውን አልወስድም ይለኛል፤ የጠዋቱንም ዋጋ ይቀንስብኛል። መኖው ግን አይቀንስም፤ ፋጉሎውም ፍሩሽካውም በዚያው ዋጋ ነው። የተረፈውን እንንጣለን፤ ቅቤውን ለፋሲካ እናስቀምጣለን፤ አሬራውን ለጥጆች እንሰጣለን። በዚህ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋም፣ በሆለታም ለከተማው ወተት የሚያቀርብ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ይህን የምናገረው ጾሙ ይቅር ለማለት አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ወተት የምትጠጣውን ልጅ እንደ ጠላት ከማየታችሁ በፊት፣ በእነዚህ ሁለት ወራት የማታውን ወተት ማን እንደሚገዛኝ አስቡልኝ ለማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል፤ ግን በፋሲካ ዋዜማ ያንኑ ቅቤ በስንት እንደምትሸጥልን እኛም እናውቃለን።

ባለ ላሙ፦

እኅቴ፣ ሁለት ወር የከሰርሁትን በአንድ ሳምንት ካልመለስሁት በግንቦት ላሞቹን ምን አበላቸዋለሁ? ገበያ ላይ ቅቤውን የሚያስወድደው የሚገዛኝ ነጋዴ እንጂ እኔ አይደለሁም። ለሰፈር ሰው በምን ዋጋ እንደምሰጥ ጎረቤቶችሽን ጠይቂ።

የሰፈሩ ሽማግሌ፦

ቅቤውን እንተወውና ወደ ነገራችን እንመለስ። ይህ «የምመርጠውን እተዋለሁ» የሚባል ነገር ከእኛ የመጣ አይመስለኝም። የፈረንጅ ልማድ ነው፤ እነርሱ ቸኮሌት ትተው ጾምን ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ካቶሊኳ ጎረቤት፦

አባታችን፣ በአክብሮት ላርምዎ፤ ነገሩ ስለ እኔም ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ዝም ብል ይቆጨኛል። በምዕራቡ ሥርዓት ዐቢይ ጾም የሚጀምረው በዐመድ ረቡዕ ሲሆን፣ እሑዶቹ ሳይቈጠሩ 40 ቀን ነው። በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የግዴታውን ጾም በዐመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ብቻ እንዲሆን አደረጉ፤ በጾሙ ዓርቦች ከሥጋ መከልከል ግን ቀረ አልተባለም። በሌላው ቀን ምእመኑ በጸሎት፣ በምጽዋትና ራስን በመግዛት እንዲተጋ ተመከረ። አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው መጠጥ የሚተወው በዚህ መንገድ ነው። የሚተወው ደግሞ በግዴታው ላይ ጨምሮ ነው፤ ከጣፋጩ የተረፈው ገንዘብም ለድሃ ይሰጣል። በአገራችን በግእዝ ሥርዓት የምናስቀድስ ካቶሊኮች ደግሞ ጥሉላት የምንተው ብዙ ነን። ስለዚህ ይህች ልጅ የሠራችው ከእኛም ዘንድ አልመጣም፤ እባክዎ የእኛን ቤት መደገፊያ አያድርጉት።

የሰፈሩ ሽማግሌ፦

ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ፤ ያለ ዕውቀት ተናግሬአለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገር ግን በራስዎ ቃል እንኳ ግዴታው ከምርጫው ቀድሞ ይገኛል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ልጄ፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስልኩንም ወተቱንም አንድ ላይ ለመተው ምን ያግድሻል? አምና አንዱን፣ ዘንድሮ ሌላውን ችለሻል።

ዲያቆኑ፦

ጥያቄው ከተጻፈ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ እኅታችን አንብባው ይሆናል። መልስ ካጣች ማጣቷን ብትነግረን ነውር የለውም። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል ከመቅደስ ዝም እንደሚሉ ሁሉ ለእኛም ዝምታ ትምህርት ነው፤ ከክርክር መካከል ተነሥቶ መጥፋት ግን ሌላ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ዲያቆን፣ ሰዓትህን ተመልከት። አባባ ሲጽፉ ከ12 አልፎ ነበር። ስልኳ እናቷ ዘንድ ነው።

ዲያቆኑ፦

እውነት ነው። ፈጥኜ ፈርጃለሁና ይቅር ትበለኝ።

ቀን ሠራተኛው፦

እኔም ልተኛ ነው፤ በ11 ሰዓት እነሣለሁ። ባለ ላሙ፣ የማታው ወተት ካልተሸጠልህ እኛ ሠፈር የሚጠቡ ልጆች ያሏቸው ሁለት እናቶች አሉ፤ ገንዘቡን በየሳምንቱ ይከፍላሉ።

ባለ ላሙ፦

በየሳምንቱም ይሁን፤ ነገ ማታ ሁለት ሊትር ይዤ እመጣለሁ፤ ቤታቸውን አሳየኝ።

የማታ ተማሪዋ፦

እንደምን አደራችሁ። እናቴ ስልኬን አሁን ሰጠችኝ፤ ሁሉንም አነበብሁ። ዲያቆን፣ አልተቀየምሁም። አባባ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳልተው የሚያግደኝ ነገር ካለ ሌሊቱን ሙሉ አሰብሁበት። አንድ ነገር አገኘሁ፤ ሁለቱንም ከተውሁ አምና እንደ ነበርሁት ራሴን እንደ ጻድቅ እንዳልቈጥር እፈራለሁ። ይህ በቂ ምክንያት ነው አልልም። ቅዳሜ የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ፤ የሚሉኝን ግን እዚህ አልጽፍም። አሁን ታክሲው እየሞላ ስለሆነ ልውጣ። ከእኅቴ ሠፈር በኩል ስለማልፍ ጠዋት ቡና አብረን ልንጠጣ ተቃጥረናል።

የሰፈሩ ሽማግሌ፦

ጠይቂያቸው፤ ግን ጥያቄዬ አሁንም እንዳለ ነው፤ ፍርሃትሽም አላሳመነኝም። ቡናውን በጨውም ሆነ በስኳር ጠጡት፤ ወተት ብቻ አትጨምሩበት።