የስፕሊት ሮክ ሌንስ፦ ማማው ላይ ይቆይ ወይስ ይውረድ?

ሰሎሞን፦ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ገደል አናት ላይ ያለው የስፕሊት ሮክ የመብራት ማማ እ.ኤ.አ. በ1910 ሥራ ጀምሮ በ1969 አገልግሎቱን ጨርሷል። ፓሪስ የተሠራው የፍሬኔል ሌንሱ፣ ማለትም የመብራቱን ብርሃን ሰብስቦ ሩቅ የሚልከው በቀለበት የተደረደረ የመስታወት ፕሪዝም፣ ግን ዛሬም እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ ወርዶ ሙቀቱ በማይዋዥቅ አዳራሽ መቀመጥ አለበት እላለሁ። ችግሩ ማስቲሹ ነው። የፍሬኔል ፕሪዝሞችን ከናስ ፍሬማቸው ጋር የያዘው እርሳስ ያለበት ማስቲሽ ነው። በሙቀትና በብርድ ናሱ ከመስታወቱ እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ማስቲሹ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ያኔ ፕሪዝሙ ይላላና ናሱን እየነካ ጠርዙ ይሸረፋል። የተሸረፈ ፕሪዝም ደግሞ አይመለስም።

ሂሩት፦ ሰሎሞን፣ የሚሸረፈው ሲወርድም እኮ ነው! ሌንሱ ሜርኩሪ ላይ ተንሳፍፎ እንዲዞር የተሠራ ነው። መጀመሪያ ሜርኩሪው በባለሙያ ይቀዳል፤ ትነቱ መርዝ ነው። ቀጥሎ ፕሪዝሞቹን በፍሬም የያዘው እያንዳንዱ ፓነል ቁጥር ይጻፍበታል፣ ብሎኖቹም በተራ፣ እኩል እኩል ይላላሉ። አንዱ ጥግ ቀድሞ ከተፈታ ፍሬሙ ይጣመምና የደረቀው ማስቲሽ ፕሪዝሙን ይለቀዋል። ደግሞ ማማው የተሠራው ብዙ መርከብ ከሰባበረው የኖቬምበር 1905 ማዕበል በኋላ፣ በየ10 ሰከንዱ ብልጭ እንዲል ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 10 የሚበራው በ1975 እዚሁ ሐይቅ ላይ ከኤድመንድ ፊትዝጄራልድ መርከብ ጋር ለሰጠሙት 29 ሰዎች ነው። አዳራሽ ውስጥ ለማን ይበራል?

በቀለ፦ ሁለታችሁም ፀሐይን ረሳችኋት። ሌንሱ የመብራቱን ጨረር ወደ ውጭ እንደሚልክ ሁሉ የፀሐይንም ወደ ውስጥ ሰብስቦ ያቃጥላል። ጠባቂዎች ቀን ቀን መጋረጃ የሚዘጉት ለዚህ ነበር። ለጎብኚ ተብሎ መጋረጃው ከተከፈተ ቢያንስ የክፍሉ መስታወት ጨረር የሚከላከል ፕላስቲክ ይለጠፍበት። ጽዳት ላይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አይነካ፤ ናሱን ይበላዋል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሣ፣ ከዚያ በተጣራ ውኃ እርጥብ ባለ ጥጥ ይወልወል። ውኃ ከፈሰሰበት ማስቲሹ ሥር ይገባል። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ።

ሰሎሞን፦ ጋሽ በቀለ፣ ያሉት ሁሉ የሚሠራው ሰው ካለ ነው። ስፕሊት ሮክን የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር ይዞታል፤ የእሱ ሌንስ እዚያው ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን መንግሥት የማይፈልጋቸው የመብራት ማማዎች ለመንግሥት አካላትና ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች በነፃ ይቀርባሉ፤ ወሳጅ ከጠፋ ለጨረታ። ለግለሰብ የሚሸጥ ማማ ውስጥ ሌንስ ካለ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ይውረድ።

ሂሩት፦ በዚህ ልስማማ፣ አንድ ነገር ልጨምር እንጂ። መጀመሪያ የላላው ፕሪዝም ሁሉ እዚያው ማማው ላይ ይጠገን። ብሎን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።