ከደሴ ሮም፦ ከዓርብ እስከ ሰኞ ከልጆችና ከእናቴ ጋር ምን እንይ?

የሆጤዋ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦሎኛ የሚኖረው ወንድሜ ጥቅምት ላይ ቤተሰብሽን ይዘሽ ነይ ብሎ ጠርቶን፣ ፈጣሪ ይመስገን ቪዛው ተሳክቷል። ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ከዓርብ ጠዋት እስከ ሰኞ ሮም እንቆያለን። ቤታችን የወሎ ቤት ነው፤ ባለቤቴ ጁምዓ እንዲያመልጠው አይፈልግም፣ እናቴ ደግሞ የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ሳልሳለም አልመለስም ብላለች። ጉልበቷን ያማታል። ወንዱ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ታሪክ ሲወራ ከአጠገባችን አይጠፋም። ትንሿ ግን ቶሎ ይደክማታል። ሄዳችሁ ያያችሁ ምከሩኝ።

መምህሩ (ሐይቅ)፦
አብሽሪ እህቴ። ለልጅሽ ሮም ገና ከባቡር ሲወርድ ትጀምራለች። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ በሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 32 ደቂቃ ሄዳችሁ ቴርሚኒ ስትወርዱ፣ ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ በአምስት መቶ ሰዎች ስም የተሰየመ ነው። ሰዎቹ ጥር 1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። አለፍ ብሎ ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ቆሟል፤ ከሥሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። ሻንጣችሁን ማረፊያችሁ አስቀምጡና ተመልሳችሁ እዩት።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ልጁን ውጫሌ ውሰጂው። ወደ ወልድያ ስንሄድ ዝም ብለን የምናልፋት ውጫሌ፣ ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተፈረመባት ናት። አንቀጽ 17ን ክፍል ውስጥ በቃሉ የሚያጠና ልጅ የነገሩን አንድ ጫፍ አምባሰል፣ ሌላውን ጫፍ ሮም ላይ በዓይኑ ሲያይ ታሪኩ የራሱ ይሆናል። ይህን ዕድል ስንቱ ተማሪዬ በተመኘው!

ቅዳሜ ኮሎሲየምን በጠዋት እዩ። ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ሆኖም የልጆቹም ትኬት በየስማቸው አስቀድሞ መያዝ አለበት። አሳንሰር ስላለ እናታችን አይቸገሩም። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ፖርታ ካፔና ውረዱ። በ1929 ዓ.ም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ እስኪመለስ ያ ሁሉ ዘመን የቆመው እዚያ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የተጀመረ ነበር፤ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ነው። ሐውልቱ የለም፣ ባዶ ቦታ ምን ይታያል የሚልሽ ይኖራል። አትስሚው። 24 ሜትር ድንጋይ የተነሣበትን ቦታ ቆሞ ማየት ለኛ ልጅ ከኮሎሲየም አያንስም። እዚያው ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ሜትሮ ቢ ያዙና ባዚሊካ ሳን ፓኦሎ ውረዱ፤ የጳውሎስ መቃብር እዚያ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
እህት፣ ሮም ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ለጁምዓ ታላቁ መስጊድ አለላችሁ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ከፒያሳሌ ፍላሚኒዮ በሚነሳው የዳርቻ ባቡር ካምፒ ስፖርቲቪ ላይ ትወርዳላችሁ። ውስጡ ምሰሶዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ ማሻ አላህ ያሰኛል። ሐላል ሥጋ ለምትፈልጉ ቴርሚኒ አጠገብ ፒያሳ ቪቶሪዮ ሂዱ። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ ንጹሕ ቧንቧ አለ፣ ባዶ ጠርሙስ ብቻ ያዙ። መንገዱ በብዛት ጥርብ ድንጋይ ነውና ለእናትሽ ሶሉ ወፍራም ጫማ ግዢላቸው።

የሆጤዋ፦
አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእሁዱን አልነገሩኝም። የቫቲካን ሙዚየም ይሻላል ወይስ ቤተ ክርስቲያኑ?

መምህሩ፦
ሙዚየሙ ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በቀር እሁድ ዝግ ነው። የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ነፃ ነው፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ የእናታችን ነጠላ ይበቃል። ወረፋው ስለሚረዝም ማልዳችሁ ሂዱ። ከጀርባው፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ እንደኛው ሐይቅ ገዳም በእስጢፋኖስ ስም የተሠየመ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳቶቻችን ያረፉበት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ማሳተም ሲጀምሩ መኖሪያቸው እዚያ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እንዲሁ አልፎ ሂያጅ የሚገባበት አይደለም፤ ከጉልላቱ ላይ ግን ግቢው ይታያል። ጉልላቱ 551 ደረጃ ነው። አሳንሰሩ ጣሪያው ድረስ ብቻ ይወስዳል፣ የቀረው 320 ጠባብ ደረጃ በእግር ነው። ባለቤትሽ ፈቃዱ ከሆነ እሱና ልጁ ይውጡ፤ አንቺ ከእናታችንና ከትንሿ ጋር መቃብሩ ዘንድ ቆዩ።