«ገበያ ራሱን በራሱ ሠራ» ላሉን ሰውዬ

ከሜዳው፦ ትናንት አንድ የኢኮኖሚ ውይይት ሳዳምጥ ተናጋሪው «ገበያ ራሱን በራሱ ነው የሠራው፤ ሕግና ተቋም በኋላ መጥተው ነው የተጫኑበት» አሉ። አወያዩም አሜን ብሎ አለፈ። ደሜ ፈላ! በ1602 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የደች ሪፐብሊክ (የዛሬዋ ኔዘርላንድስ፣ ሆላንድ የምንላት) ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ ለባሕር ማዶ ንግድ ድርጅቷ፣ ቻርተር (የመንግሥት ፈቃድ) ሰጠ። ብር ያስገባ ሰው 10 ዓመት ሙሉ ከኩባንያው ማውጣት አይችልም ተባለ። ቸገረኝ ያለ ሰው ድርሻውን ለሌላ ከመሸጥ ሌላ መውጫ አልነበረውም። የአምስተርዳም የአክሲዮን ንግድ የደራው በዚህ ነው። ራሱን በራሱ ነው ይሄ?

ነጋድራስ፦ ግማሹን ብቻ ነገርከን። እነዚያው ባለሥልጣናት በ1610 በእጅ የሌለ አክሲዮን መሸጥ ከለከሉ። ማን ሰማቸው? ነጋዴው ውሉን ቀጠለ። ፍርድ ቤት ባይቀበለውም፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው ከዚያ ወዲያ አብሮት የሚነግድ አያገኝም። ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ። ሰውዬው ምን አጠፉ?

ከሜዳው፦ «አብሮት የሚነግድ አያገኝም» ያልከው ራሱ ተቋም ነው እኮ! ማኅተም ስለሌለው ነው?

ነጋድራስ፦ ዝናቡንም ተቋም በለውና እንገላገል።

ታዛቢ፦ ሁለታችሁም ሆላንድ ላይ ተቸከላችሁ። ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቺካጎ ኑ። የእህል ነጋዴዎች በ1848 የንግድ ቦርድ አቋቋሙ። የራሳቸው ማኅበር ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም። ባቡር ስንዴ ሲያጎርፍ የእያንዳንዱን ገበሬ ጆንያ ለይቶ ማስቀመጥ አልተቻለም። ቦርዱ ደረጃ አወጣ፤ እኩል ደረጃ ያለው ሁሉ አንድ ጎተራ ውስጥ ተደባለቀ። ከዚያ በኋላ እጅ በእጅ የሚዞረው የጎተራው ደረሰኝ ሆነ። የማን ማሳ ስንዴ ነው ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። በ1859 ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ለቦርዱ ቻርተር ሰጠው፣ የእህል መርማሪ የመሾም ሥልጣን ጭምር። እስቲ ማን ቀደመ?

ነጋድራስ፦ 1848 ከ1859 ይቀድማል። የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ከሜዳው፦ ቺካጎ ለሚገባው ለኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር መሬት የሰጠው ማን ሆነና? የፌዴራሉ መንግሥት፣ በግዛቱ በኩል፣ በ1850። ሒሳብህን ቀጥል።

ቀጥታ፦ የዶሮና የእንቁላል ጭቅጭቅ ሰለቸኝ። አሜሪካ በ1933 ተቀማጭ ገንዘብ የሚይዝ ባንክን ከአክሲዮን ንግድ በሕግ ለየች። በዚህ ሕግ የተነሳ የጄ.ፒ. ሞርጋን ባንክ ተከፈለና በ1935 የአክሲዮን ንግዱን የያዘው ሞርጋን ስታንሌይ ተወለደ። በ1998 ደግሞ ባንኩ ሲቲኮርፕና የኢንሹራንስ ድርጅቱ ትራቨለርስ ተዋሃዱ። ባንክ፣ ኢንሹራንስና የአክሲዮን ንግድ በአንድ ጣሪያ ሥር! ያንን በቋሚነት የሚፈቅድ ሕግ ገና አልነበረም። በዓመቱ ወጣላቸው።

ነጋድራስ፦ ይኸው! የኔን ነው የምትለው።

ቀጥታ፦ ያንተን አይደለም። ሞርጋን ስታንሌይን ምነው ዘለልከው?

ነጋድራስ፦ አንድ ድርጅት ነው ባክህ።

ከሜዳው፦ ሲቲኮርፕ ሲሆን ግን ማስረጃ ነው፣ አይደል? ጉድ እኮ ነው።

ታዛቢ፦ የባቡሩን ነገር አንድ ልጨምር። የ1850ውን የመሬት ሕግ ግንባር ቀደም ሆነው የገፉት ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ናቸው። ቺካጎ ውስጥ የራሳቸው መሬት ነበራቸው። ባቡሩ ሲመጣ የመሬቱ ዋጋ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ነጋድራስ፦ ብልጥ ነጋዴ!

ከሜዳው፦ ሴናተር ናቸው!