ለአኳሪየም የጨው ውኃ ሲዘጋጅ የውኃው መጠን እንዴት ይለካል?

ጥያቄ
ለቤት አኳሪየሜ የጨው ውኃ የማዘጋጀው የሊትር ምልክት ባለው ባልዲ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ 20 ሊትር እበጠብጣለሁ። የጨው ድብልቁ መመሪያ ለአንድ ጋሎን 142 ግራም ስለሚል፣ ጋሎኑን በ4.55 ሊትር አስልቼ 625 ግራም ያህል ጨመርሁ። ጨው በሙሉ ከሟሟ በኋላ ግን ሪፍራክቶሜትሩ (የጨዋማነት መለኪያው) የሚያሳየው ከሺህ 29 ነው፤ የምፈልገው 35 ነበር። ውኃው መለካት ያለበት ጨው ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጉድለቱስ ከምን የመጣ ነው? ውኃውን ገና ወደ አኳሪየሙ አልጨመርሁትም።

የመጀመሪያው መልስ
ጉድለቱ ከጋሎኑ ነው። 4.55 ሊትር የሚሆነው የእንግሊዝ ጋሎን ነው፤ የአሜሪካው 3.785 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ መመሪያው በእርሱ የተጻፈ ከሆነ 20 ሊትር 5.28 ጋሎን ይሆናል፤ የሚያስፈልገውም ጨው 750 ግራም ነው። እርስዎ ያገኙት 29 ከዚህ ስሌት ጋር በትክክል ይገጥማል። የጎደለውን 125 ግራም በባልዲው ውስጥ፣ ፓምፕ እያማሰለው፣ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ።

ሁለተኛው መልስ
ከጨው በፊት ወይም በኋላ መለካት የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው፤ 750 ግራም ጨው የ20 ሊትርን መጠን ከፍ የሚያደርገው በአንድ አምስተኛ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የባልዲው ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ በግምት የታተመ ይሆናልና። ባዶውን ባልዲ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከዚያ 20 ኪሎ እስኪሞላ ድረስ ጨው ያልገባበት ውኃ ይጨምሩና ውኃው የደረሰበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። የአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ክብደት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.997 ኪሎ ስለሆነ ስሕተቱ ከቁጥር አይገባም። የጨው ውኃ ግን በሊትር 1.023 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው መልስ
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም የመጠን ልኬት የሚያቀራርብ እንጂ የሚወስን አይደለም፤ የመጨረሻው ቃል የጨዋማነት መለኪያው ነው። ስለዚህ ሪፍራክቶሜትሩን፣ በተጣራ ውኃ ዜሮ ላይ ማስተካከል ብቻ ሳይሆን፣ ጨዋማነቱ 35 በሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ ይፈትሹት፤ ዜሮ ላይ ትክክል ሆኖ 35 ላይ የሚስት መሣሪያ አለና። ዓሦቹና ኮራሎቹ የሚሰማቸው ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ 200 ሊትር ውኃ ካለበት አኳሪየም 20 ሊትር ቀድተው በ29 ቢተኩት ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 34.4 ይወርዳል፤ ይህ ሲደጋገም ግን ይጠራቀማል።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። በትነት የሚጎድለውንስ በዚሁ ውኃ ልተካው?

ሦስተኛው መላሽ
አይሆንም። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የተጣራ፣ ጨው የሌለበት ውኃ ይጨምሩ።