የኳንተም ምስጠራ «አይሰበርም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦
አይዲ ኳንቲክ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመሠረተው የስዊዘርላንድ ኩባንያ፣ ደኅንነቱ በፊዚክስ ሕግ የተጠበቀ የምስጠራ መሣሪያ እንደሚሸጥ አነበብሁ። የጄኔቫ ካንቶንም (የስዊዘርላንድ ክፍለ ግዛት) በ2007 የምርጫ ውጤት ሲያስተላልፍ ተጠቅሞበታል። ለመሆኑ መሣሪያው መልእክቱን ራሱን ይመሰጥራልን? «አይሰበርም» መባሉስ ምን ያህል ያስኬዳል?

መልስ፦
መልእክቱን አይመሰጥርም፤ የሚያደርገው ሁለቱ ወገኖች አንድ የምሥጢር ቁልፍ እንዲጋሩ ማስቻል ነው። ተመራማሪዎቹ ቤኔትና ብራሳር በ1984 ባቀረቡት ዘዴ ቁልፉ በነጠላ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ይላካል፤ መካከል ገብቶ የሚለካቸው ሰው ሁኔታቸውን ስለሚያውክ፣ ስሕተቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ቁልፉ ይጣላል። መልእክቱን የሚመሰጥረው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኤኢኤስ ያለ የተለመደ ስልት ነው።

ሌላ መልስ፦
ሕጉ አይሰበር ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ተሰብሯል። በ2010 ተመራማሪዎች የፎቶን መቀበያውን በብርቱ ብርሃን በማሳወር፣ ምንም ምልክት ሳይተዉ ቁልፉን መቅዳት እንደሚቻል በዚሁ ኩባንያና በአሜሪካው ማጂክ ኪው መሣሪያዎች ላይ አሳይተዋል። ኩባንያው አስቀድሞ ተነግሮት መከላከያ ማዘጋጀቱን መካድ አይገባም። ለእኔ የባሰው ችግር ርቀት ነው፤ ብርሃኑ የሚጓዝበት የመስታወት ክር (ፋይበር) ፎቶኑን ስለሚውጥ፣ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቤጂንግና የሻንጋይ መስመር በመካከል 32 ጣቢያዎች አስፈልገውታል። በእያንዳንዱ ጣቢያ ቁልፉ ተገልጦ ስለሚገኝ፣ ምሥጢሩ የጣቢያው ጠባቂ ታማኝ እስከሆነ ድረስ ብቻ ይጠበቃል፤ ይህ በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ አይጻፍም።

ሦስተኛ መልስ፦
የአሜሪካው ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲም ለብሔራዊ ደኅንነት ሥርዓቶች ይህን ዘዴ አይመክርም። የሒሳብ ሊቁ የፒተር ሾር የ1994 ስሌት በቂ አቅም ባለው የኳንተም ኮምፒውተር ላይ አርኤስኤ የተባለውን የተለመደ የምስጠራ ስልት እንደሚሰብር ስለሚታወቅ፣ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኤንአይኤስቲ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር እንዲቋቋሙ የታሰቡና አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ በሶፍትዌር የሚተገበሩ ሦስት የምስጠራ ደረጃዎችን አውጥቷል። አስቀድመው አርኤስኤ በየትኛው ሥርዓትዎ ውስጥ እንዳለ ይመዝግቡ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሁለቱ የመረጃ ማዕከሎቻችን ቅርብ ለቅርብ ሆነው በራሳችን ፋይበር ቢገናኙስ?

ሌላ መልስ የሰጠው፦
እንዲያ ከሆነ የጣቢያው ነገር ይቀራል። ሆኖም ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ መቀበያው የማሳወር ጥቃትን መቋቋሙን በገለልተኛ ወገን አስፈትኖታልን? ሁለቱ መሣሪያዎች ገና ሲጀምሩ እርስ በርስ የሚተዋወቁበትን የመጀመሪያ ቁልፍስ ማን፣ በምን መንገድ ያስገባዋል?