አስቸኳይ፦ የላንቃው ስሪዲ ተዛንፎ እየወጣብኝ ነው

ሸዋ በር፦ ጎበዞች እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ከቆዩ የሲቲ ፋይሎች የጤናማ አዋቂዎችን የላንቃና የመንጋጋ ልኬት እያወጣሁ ነው። በስሪዲ ስላይሰር (የሕክምና ምስል መክፈቻ ፕሮግራም) ስከፍታቸው ገሚሶቹ ይዛነፋሉ፤ ከጎን ሲታይ ግንባሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጥርሱ ወደ ፊት ሄዷል። ሠንጠረዡን ነገ ጠዋት ማስገባት አለብኝ።

የመርሳ ልጅ፦ ሰርዘህ እንደገና ጫነው።

ጦሰኛው፦ አብሽር፣ ሰውየው የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ ሲያይ ተነስቶ ይሆናል።

ሐይቅ ዳር፦ መጀመሪያ «ጤናማ» ያልከውን አስረዳን። ሰው ዝም ብሎ ሲቲ አይነሳም። ጥርሱ የረገፈ ሰው ጥርስ የሚይዘው አጥንት ስለሚሟሽሽ የላንቃው ከፍታ ያንሳል፤ እሱን ከጥናቱ አውጣው። በላንቃ መሀል የሚታየው የአጥንት ጉብታ፣ ቶረስ የሚሉት፣ ግን በሽታ አይደለም። አታውጣው፣ ለብቻው መዝግበው። ከፍታውን ከጉብታው ጫፍ ከለካህ ግን ቁጥርህ ያንሳል።

ሸዋ በር፦ ጋሼ፣ ያሉትን በመስፈርቱ ጽፌዋለሁ። አሁን የቸገረኝ ምስሉ ነው።

ቦርከና፦ የተዛነፉት የጭንቅላት ሲቲ ናቸው ወይስ የሳይነስ (የፊት አጥንት የአየር ክፍሎች)? የግራ ቀኝ ስፋቱስ ልክ ነው?

ሸዋ በር፦ የጭንቅላት፣ የስላይሱ (የአንዱ ቁራጭ ምስል) ውፍረት 5 ሚሊ። ስፋቱ ደህና ነው፤ ከፍታና ርዝመቱ ነው የተበላሸው።

ቦርከና፦ እንግዲያው ጋንትሪው (የሲቲ ማሽኑ ቀለበት) አዘንብሎ ነው የተነሳው። የዓይን ሌንስ ጨረር እንዳይበዛበት የጭንቅላት ሲቲ ላይ ያዘነብሉታል። የዳይኮም (የሕክምና ምስል ፋይል) ታግ 0018,1120ን፣ የጋንትሪው ዝንባሌ የሚጻፍበትን፣ እይ፤ ዜሮ ካልሆነ እሱ ነው። በ20 ዲግሪ ካዘነበለ አልጋው 10 ሚሊ በሄደ ቁጥር ስላይሱ 3.4 ሚሊ ገደማ ይንሸራተታል። የሚንሸራተተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሆነ ስፋቱን አይነካም። ሲከፈት ስለ ጂኦሜትሪ ማስጠንቀቂያ አላወጣም? «ኤዲት»፣ «አፕሊኬሽን ሴቲንግስ»፣ «ዳይኮም» ግባና «አኩዊዚሽን ጂኦሜትሪ ሬጉላራይዜሽን» የሚለውን «አፕላይ ሬጉላራይዜሽን ትራንስፎርም» ላይ አድርገው። ከዚያ ፋይሉን እንደገና ጫን፣ «ዳታ» ውስጥ ትራንስፎርሙን (ማስተካከያውን) «ሃርደን» አድርግ፣ ማለትም ምስሉ ላይ አጽናው።

የመርሳ ልጅ፦ እኔስ ምን አልኩ? እንደገና ጫነው!

ቦርከና፦ ሴቲንጉን ሳይነካ መቶ ጊዜ ቢጭነው ያው ነው። ደግሞ ቢስተካከልም በ5 ሚሊ ስላይስ የላንቃን የኋላ ጫፍ በትክክል መያዝ ይከብዳል። ቀጭኑ የላንቃ አጥንት ከአጠገቡ ካለው አየርና ሥጋ ጋር ይደባለቅና በስሪዲው ላይ ቀዳዳ ይመስላል። ይህን እንደ ተፈጥሯዊ የአጥንት ልዩነት እንዳትመዘግበው። ማሽኑ ላይ 1 ሚሊና ከዚያ በታች የሆነው፣ በአጥንት ከርነል (አጥንትን አጥርቶ በሚያሳይ ማጣሪያ) የተሠራው ምስል ከተቀመጠ እሱን አስወጣ። ከመለካትህ በፊት የላንቃውን የፊትና የኋላ ጫፍ የሚያገናኘውን መስመር አግድም አድርገው፤ አለበለዚያ ሁሉም ሰው በየራሱ አንገት አቀማመጥ ይለካል።

ሐይቅ ዳር፦ የጭንቅላት ሲቲ አብዛኛውን ጊዜ አገጭ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቆመው። የታችኛውን መንጋጋ ከየት ልታመጣው ነው? የፊት ሲቲ ፈልግ። ጥርሱ በብረት የተሞላ ካለ ደግሞ ከብረቱ የተነሳ ምስሉ ላይ የሚወጣው ነጭ ጭረት የላንቃውን ጠርዝ ይሸፍነዋል።

ጦሰኛው፦ ሸዋ በር፣ ታጉ ስንት አለ?